ሰውነታችን እንዴት ይንቀሳቀሳል? ልጅስ መራመድን እንዴት ይማራል?



አንዲት እናት ቡና አፍልታ ስትቀዳ ሁላችንም ተመልክተናል። ጀበናውን ከስኒዎቹ ከፍ ታደርግና ሳታቋርጥ ከአንዱ ስኒ ወደ ሌላው ታልፋለች። አተላው አይከተልም፤ ረከቦቱም ብዙ አይረጥብም። ይህን ስታደርግ ከጎረቤቶቿ ጋር ትጨዋወታለች፤ ወደ እሳቱ የሚድኸውንም ልጅ በዓይኗ ትጠብቃለች። የእጅሽን አንጓ ምን ያህል ነው የምታዘነብዪው ብለን ብንጠይቃት መልስ አይኖራትም። እጇ ያውቀዋል እንጂ እሷ በቃል ልትናገረው አትችልም። የስድስት ዓመት ልጇ ያንኑ ጀበና ባዶውን እንኳ ስታነሣ ግን ሁለት እጇን፣ ትከሻዋንና ምላሷን ሳይቀር ታንቀሳቅሳለች። በእናትና በልጅ መካከል ያለው ልዩነት የጉልበት ብቻ አይደለም። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ልዩነት ነው።

ርዕሱ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በትምህርት ቤቱ በር ላይም ሆነ በውኃው ሰልፍ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች አሉ። "ልጄ ዓመት ከመንፈቅ ሊሆነው ነው፤ እስካሁን አልሄደም፤ ምን ይሻላል?" ይላሉ። "መምህር፣ ይህ ልጅ ጽሕፈቱ አያምርም፤ እጁ ሰነፍ ስለሆነ ይግረፉልኝ" የሚሉም አሉ። እግሩ ያልጸናለትን ልጅ ደግሞ ሰው እንዳያየው ከቤት ውስጥ አስቀምጠው የሚውሉ ቤተሰቦች አሉ። ይህ ጽሑፍ ሐኪምን አይተካም። ሆኖም የሰውነትን አሠራር በጥቂቱ ካወቅን ከእነዚህ ጥያቄዎች አብዛኞቹ መልስ ያገኛሉ፤ ከሚሰነዘረው ዱላም ጥቂቱ ይቀራል።

አጥንትና ጡንቻ

አንድ ዐዋቂ ሰው 206 አጥንቶች አሉት። አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን ወደ 300 የሚጠጉ አጥንቶች ይዞ ይወለዳል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ገና ልም አጥንት ያለባቸው ሲሆኑ እያደር አንዳንዶቹ እርስ በርስ ይጋጠማሉ። አጥንት የቤት ምሰሶና ማገር ማለት ነው። ምሰሶ ግን አይታጠፍም፤ ስለዚህ መገጣጠሚያ ያስፈልጋል። ጉልበታችን እንደ በር ማጠፊያ በአንድ አቅጣጫ ይታጠፋል። ትከሻችን ደግሞ በሙቀጫ ውስጥ እንዳለ ዘነዘና በሁሉም አቅጣጫ ይዞራል። ይህ ነፃነቱ ይጠቅመናል፤ ዳሩ ግን ትከሻ ከሌሎች መገጣጠሚያዎች ይልቅ ቶሎ የሚወልቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አጥንቶችን የሚያንቀሳቅሷቸው ጡንቻዎች ከ600 በላይ ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት ነገር አለ። ጡንቻ ይስባል እንጂ አይገፋም። ጋሪ እንደሚስብ አህያ ነው፤ ጋሪውን ወደ ኋላ መመለስ ከተፈለገ ሌላ አህያ በወዲያ በኩል መጠመድ አለበት። አሁኑኑ መሞከር ይቻላል። ግራ እጃችሁን በቀኝ ክንዳችሁ ላይ፣ ከክርን በላይ አድርጉና ክንዳችሁን እጠፉት፤ የፊተኛው ጡንቻ ይጠጥራል። ቀጥሎ መዳፋችሁን በጉልበታችሁ ላይ አድርጋችሁ ወደ ታች ተጫኑ፤ አሁን የሚጠጥረው የኋለኛው ነው። አንዱ ሲስብ ሌላው መልቀቅ አለበት። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከሳቡ ክንዱ እንደ እንጨት ይደርቃል። በወሊድ ጊዜ ወይም ከዚያ በፊትና በኋላ አንጎላቸው የተጎዳባቸው አንዳንድ ልጆች እግራቸው የሚገተረው ለዚህ ነው። ጡንቻው አልሞተም፤ የሚደርሰው ትእዛዝ ተዘበራርቋል።

ትእዛዙ ከየት ይመጣል?

ትእዛዙ ከአንጎል ይነሣል፤ በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ባለው ሕብለ ሰረሰር በኩል ይወርዳል፤ ከዚያም በነርቭ ክሮች ወደ ጡንቻው ይደርሳል። ፈጣኖቹ ነርቮች በአንድ ሴኮንድ ከ100 ሜትር በላይ መልእክት ያደርሳሉ። የግራው አንጎል ቀኝ አካላችንን፣ የቀኙ ደግሞ ግራውን ያዛል። አንድ አዛውንት በአንጎላቸው የግራ ወገን ደም ሲፈስ ወይም የደም ሥር ሲዘጋ ቀኝ እጅና እግራቸው የሚሰንፈው ለዚህ ነው።

መልእክቱ ግን ወደ ታች ብቻ አይሄድም። ከጡንቻ፣ ከመገጣጠሚያና ከቆዳ ወደ አንጎል የሚመለስ ወሬ አለ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ክንዳችሁን ዘርጉና በጣታችሁ ጫፍ አፍንጫችሁን ንኩ። ጣቱ የት እንዳለ ሳታዩ ዐወቃችሁ። አያቶቻችን ኩራዝ ጠፍቶ በጨለማ እንዝርት ያሾሩ የነበረው በዚህ ስሜት ነው።

ከአንጎል በታች፣ ከማጅራታችን በላይ ትንሹ አንጎል የሚባል ክፍል አለ። ሥራው ማረም ነው። የታዘዘውን ከተደረገው ጋር እያስተያየ፣ እጅ ሲያልፍ ይመልሳል፤ ሲያጥር ይጨምራል። እንጀራ ስትጋገር ተመልከቱ። ሊጡ ከምጣዱ ዳር ተነሥቶ እየተሽከረከረ ወደ መካከል ይገባል። እጅ ትንሽ ከዘገየ ይወፍራል፤ ከፈጠነ ክፍት ቦታ ይቀራል። ጀማሪዋ ልጅ የጋገረችው እንጀራ የዱር አገር ካርታ የሚመስለው ትንሹ አንጎሏ ገና መለኪያውን ስላልያዘ ነው። አልኮል አስቀድሞ ከሚያደናግራቸው ክፍሎች አንዱም ይኸው ነው። ማታ ከአረቄ ቤት ወጥቶ መንገዱን በሰፊው የሚጠቀም ሰው ስለምናውቅ ሌላ ምሳሌ መጥቀስ አያስፈልግም።

መንገዱ ሲቋረጥ

በአገራችን ሽንፋ ብለን የምንጠራው ወንዝ ሱዳን ሲገባ ረሐድ ይባላል። ከላይ ዝናብ ሲቀር እዚህ መፋዛ አካባቢ የሚታየው አሸዋ ብቻ ነው። የወንዙ ቦይ አልፈረሰም፤ የሚወርድበት ውኃ ግን የለም። ሰውነትም እንዲሁ ነው። እግር ደህና ሆኖ፣ ጡንቻውም ሳይጎዳ፣ መልእክቱ ከላይ ስለተቋረጠ ብቻ መራመድ ሊቀር ይችላል።

ከጎንደር በኩል የመጣን ሰዎች ለዚህ የሚያሳዝን ምሳሌ እናውቃለን፤ እርሱም ጓያ ነው። ጓያ በድርቅም ስለሚበቅል ሌላው እህል ሲጠፋ የድሃው መጠጊያ ይሆናል። ነገር ግን በውስጡ የእንቅስቃሴን ነርቭ የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለ። ለወራት ጓያን ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው፣ ይልቁንም ወጣት ወንድ፣ አንድ ቀን ከእርሻ ሲመለስ ቁርጭምጭሚቱ ይከብደዋል፤ ከዚያም ጉልበቶቹ እየተገጣጠሙ በእግር ጣቱ ይራመዳል፤ ወደ በትር፣ ከዚያም ወደ ሁለት በትር ይደርሳል። እጁና አእምሮው ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ናቸው። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ይህን በሽታ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 አሳትመዋል። እንፋሎቱ ይይዛል፣ በእርሻው ውስጥ ማለፍም ያሽመደምዳል የሚሉ አሉ፤ ይህ እውነት አይደለም። የሚጎዳው ለረጅም ጊዜ አብዝቶ መብላቱ ነው። የተጎዳው ነርቭ ስለማይመለስ መድኃኒቱ መጠንቀቅ ብቻ ነው። ሌላ ከጠፋ ጓያውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ለብቻውም ሳይሆን ከማሽላና ከሌላ እህል ጋር አብዝቶ መደባለቅ ጉዳቱን ይቀንሳል። ሽሮ ከገበያ ስንገዛ ምን እንደተደባለቀበት መጠየቅም ነውር አይደለም።

ሁለተኛው ምሳሌ ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። በ1953 ዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ማለት እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960፣ በሮም በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሮጦ አሸነፈ። በ1964 በቶኪዮ ደግሞ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ሁለተኛውን ወርቅ አገኘ። በ1969 በመኪና አደጋ ሕብለ ሰረሰሩ ሲጎዳ እነዚያ እግሮች መታዘዝ አቆሙ። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይጨርሰዋል፤ ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ሲታከም ክንዶቹ ቀስ በቀስ መለሱ። በ1970 በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በዚያው በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ተወዳደረ። በ1971 ኖርዌይ ውስጥ ውሻ በሚስበው የበረዶ መንሸራተቻ የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸነፈ። እግሩ አልተመለሰም። በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ግን እጁ ከዚያ በፊት የማያውቀውን ሙያ ተማረ። አንጎል የሚያዘው አካል እስካለው ድረስ መማሩን አይተውም።

ልጅ ከራሱ ጀምሮ ወደ እግሩ ይማራል

አዲስ የተወለደ ሕፃን መዳፉን በጣታችን ብንነካው አጥብቆ ይይዘናል። ጉንጩን ብንነካው ለመጥባት ይዞራል። እነዚህን ማንም አላስተማረውም፤ ይዟቸው ተወልዷል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን መማር አለበት፤ ትምህርቱም ቅደም ተከተል አለው። አስቀድሞ አንገት ይጸናል፤ ቀጥሎ ወገብ፤ በመጨረሻ እግር። እንደዚሁም ትከሻ ከክርን፣ ክርን ከጣት ይቀድማል። የስድስት ወር ልጅ ፍሬ ነገር ለማንሣት በመዳፉ ሲያፍስ፣ በዓመቱ ግን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆንጥሮ ማንሣት ይችላል።

መቼ ነው የሚሄደው ለሚለው የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤነኛ ልጆችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱን አውጥቷል። ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከአራት ወር ገደማ እስከ ዘጠኝ ወር ባለው ጊዜ ይመጣል። ብቻውን መሄድ ደግሞ ከስምንት ወር እስከ አሥራ ሰባት ወር ተኩል ነው። ልብ በሉ፤ በመካከሉ ወደ አሥር ወር የሚጠጋ ልዩነት አለ፤ ሁለቱም ልጆች ጤነኞች ናቸው። ከመቶ አራት ያህሉ ደግሞ በእጅና በጉልበታቸው ሳይድሁ ተነሥተው ሄደዋል። ስለዚህ የእገሊት ልጅ በዘጠኝ ወሩ ሄደ እያልን የራሳችንን ልጅ ማሳነስ ፍሬ የለውም። ቶሎ የሄደ ልጅ ቶሎ ፊደል ይቆጥራል ማለትም አይደለም።

ዕድሜ ብቻውን ግን አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ አንድ የኒውዮርክ ጥናት፣ መራመድ የጀመሩ ሕፃናት እየተጫወቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ 2,368 እርምጃ ተራምደው 17 ጊዜ ወድቀዋል። በአንድ ሰዓት 17 ጊዜ! ለእነርሱ መውደቅ የትምህርቱ ክፍል ነው። ልጅ በወደቀ ቁጥር እየጮኽን ካነሣነው ትንሹ አንጎሉ የሚያርመው ስሕተት አያገኝም።

የቤተሰብ ልማድም ጊዜውን ያቀርበዋል ወይም ያርቀዋል። በኬንያ የኪፕሲጊስ እናቶች ልጆቻቸውን ሆን ብለው መቀመጥና መራመድ ያለማምዷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 የታተመ ጥናት እነዚህ ልጆች በተለማመዷቸው እንቅስቃሴዎች ከአሜሪካ ልጆች ቀድመው መገኘታቸውን፣ ባልተለማመዷቸው እንደ መዳህ ባሉት ግን አለመቅደማቸውን አሳይቷል። ልምምድ የሰጡትን ያህል ነው የሚመልሰው።

ታዲያ የእኛ አንቀልባ ጎጂ ነውን? አይደለም። በአንቀልባ የታዘለ ልጅ የእናቱን ሙቀት ያገኛል፤ እናት ስትጎነበስና ስትነሣ አንገቱና ወገቡ ሚዛን ይጠብቃሉ። ችግሩ ከጧት እስከ ማታ ሲታዘል ነው። እዚህ ያለን እናቶች ልጅ መሬት ላይ ማውረድ የምንፈራበት ምክንያት በቂ ነው፤ ጊንጡ አለ፣ እባቡ አለ፣ ያልጠፋ ፍም አለ፣ በክረምት ዋልካው ጭቃ ነው። ቢሆንም ተጠርጎ የታየ አንድ ጥግ፣ ሰሌን የተነጠፈበት፣ ታላቅ ወንድም ወይም እህት የሚጠብቀው ቦታ በየቤቱ ሊገኝ ይችላል። ሕፃኑ ነቅቶ ሳለ በቀን ጥቂት ጊዜ፣ ለአሥር ለአሥር ደቂቃ እንኳ በሆዱ ይተኛ፤ ፊት ለፊቱ ባዶ ጣሳ ወይም ማንኪያ ይደረግለት። እርሱን ለመድረስ ሲል አንገቱን ያነሣል፤ ክንዱን ይገፋል፤ ወገቡን ያጸናል።

የኃይሌ ግራ ክንድ

አንድን እንቅስቃሴ ደጋግመን ስንሠራ በአንጎላችን ውስጥ ምን ይሆናል? ብዙ የሚሠራበት የነርቭ መንገድ ይጠነክራል። የነርቭ ክሮች የሚሸፈኑበት ስብ ነክ ልባስ አለ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦን እንደሚሸፍነው ፕላስቲክ ማለት ነው። ልምምድ ሲበዛ ይህ ልባስ ይወፍራል፤ መልእክቱም ይፈጥናል። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱን እርምጃ እናስባለን። በኋላ ስሕተቱ እየቀነሰ ይሄዳል። በመጨረሻ ሳናስበው ይሠራል። ሰሊጥ አጨዳ የወረደ አዲስ ሰው በመጀመሪያው ቀን ማጭዱን አጥብቆ ይጨብጣል፤ ማታ እጁ ያብጣል። በሁለተኛው ሳምንት ግን ያንኑ ማሳ በግማሽ ጉልበት ያጭዳል። ጡንቻው በሁለት ሳምንት እጥፍ ስላደገ አይደለም፤ የትኛው ጡንቻ መሳብ፣ የትኛውስ መልቀቅ እንዳለበት ስለተማረ ነው። እንቅልፍም ድርሻ አለው። ቀን የተለማመድነው ነገር ሌሊት ተኝተን ሳለ በአንጎል ውስጥ ይጸናል፤ ሌሊቱን ያልተኛ ተማሪ ጧት እጁ ሲሰንፍ ብናይ አንደነቅ።

ኃይሌ ገብረሥላሴን ያየ ሰው ግራ ክንዱን ያስታውሳል። በአሰላ አካባቢ በልጅነቱ ደብተሮቹን በክንዱ ሥር ይዞ አሥር ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር፤ ሲመለስም አሥር። እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ፣ በ2000 ደግሞ በሲድኒ በአሥር ሺህ ሜትር ወርቅ ሲያገኝ ደብተር አልያዘም፤ ግራ ክንዱ ግን ደብተር እንደያዘ ታጥፎ ይሮጥ ነበር። አንጎሉ ሩጫን የተማረው ከነደብተሩ ነው። በልጅነት የተደጋገመ ነገር፣ መልካምም ሆነ መጥፎ፣ በሰውነት ውስጥ እንዲህ ይጻፋል።

እዚህ ላይ ለሥራ ባልደረቦቼ መምህራን አንድ ነገር ልበል። ትከሻ ከጣት እንደሚቀድም አይተናል። የአምስት ዓመት ልጅ "ሀ"ን እንደ አጥር ምሰሶ ትልቅ አድርጎ ቢጽፍ ስንፍና አይደለም፤ ጣቱ ገና አልደረሰም። መስመር ባለው ደብተር ላይ እርሳስ ከማስጨበጣችን በፊት በአሸዋ ላይ በጣቱ፣ ቀጥሎ በእንጨት ይጻፍ። አሸዋ በነፃ ይገኛል፤ ላጲስም አያስፈልገውም። እጁን በማስመሪያ የተመታ ልጅ እርሳሱን ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል፤ ጡንቻዎቹ ሁሉ በአንድነት ይሳባሉ፤ ፊደሉ ይበልጥ ይበላሻል። ዱላው የሚያመጣው የፈለግነውን ተቃራኒ ነው። በግራው የሚጽፍ ልጅም አይገደድ። ከአሥር ሰዎች አንዱ ያህል ግራኝ ነው። በምግብ ላይ የቀኝ እጅ ሥርዓታችን ይከበር፤ ፊደሉን ግን አንጎሉ በመረጠው እጅ ይጻፈው።

ቅልብልቦሽ የሥራ መፍታት አይደለም

ልጆቻችን የሚጫወቱትን ጨዋታ ብዙዎቻችን እንንቃለን። ቅልብልቦሽ የምትጫወት ልጅ አንዷን ጠጠር ወደ ላይ ወርውራ፣ እስክትወርድ ድረስ ሌላዋን ከመሬት አንሥታ፣ የወረወረችውን መልሳ ትቀልባለች። ዓይንና እጅን ለማስማማት ከዚህ የተሻለ መሣሪያ በውድ ዋጋ አይገዛም። ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግር ሚዛን መጠበቅን ያስተምራል። በገመድ መዝለል ጊዜን መጠበቅን፣ የጨርቅ ኳስ ደግሞ እየሮጡ ማየትን ያስተምራል።

በዚህ ረገድ ሴቶች ልጆቻችን ይበደላሉ። ከትምህርት መልስ ወንዱ ኳሱን ይዞ ይወጣል፤ እሷ ጀሪካን ታነሣለች። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ነው። እርሷ ራሷ ሠላሳ ኪሎ የማትሞላ ልጅ ይህን በየቀኑ ስትሸከም የአንገትና የወገብ ሕመም ታተርፋለች እንጂ እንቅስቃሴን አትማርም። ውኃ መቅረት አይችልም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን የአምስትና የአሥር ሊትሩ ጀሪካን ለልጆች ቢሰጥ፣ ትልቁን ዐዋቂ ቢሸከመው፣ ወንዱም ተራ ቢገባ የሚጎድል ነገር የለም። ለእሷም በቀን ግማሽ ሰዓት የጨዋታ ጊዜ ይተርፋታል።

የተራበ ልጅ እንደማይጫወት ደግሞ በዓይናችን አይተናል። ሰውነቱ ያለችውን ጥቂት ጉልበት ለመኖር ያስቀምጣታል። አይድህም፤ አይነካካም፤ ስለዚህ አይማርም። ምግብ ብቻ ሲሰጠው ክብደቱ ይመለሳል፤ ያመለጠው ትምህርት ግን በራሱ አይመለስም። በጅማ በከፍተኛ የምግብ እጥረት ታመው ሆስፒታል በገቡ ከስድስት ዓመት በታች ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ከሕክምናው ጋር ቤተሰብ ጭምር የተሳተፈበት ጨዋታ የተጨመረላቸው ልጆች በእንቅስቃሴ ችሎታቸው ከሌሎቹ ተሽለው ተገኝተዋል። ልጇን ይዛ ከአልሚ ምግብ ማደያው የምትመለስ እናት ከከረጢቱ ጋር አንድ የጨርቅ ኳስ ይዛ ብትመለስ ደስ ባለኝ።

መቼ ነው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያለብን?

ልዩነቱ ሰፊ ነው ብለናል፤ ወሰን ግን አለው። በአምስት ወሩ አንገቱ ያልጸና፣ ዘጠኝ ወር አልፎት ያልተቀመጠ፣ ዓመት ከመንፈቅ ሞልቶት ያልሄደ ልጅ መታየት አለበት። ሰውነቱ እንደ ጨርቅ የሚልፈሰፈስ ወይም እንደ እንጨት የሚደርቅ ልጅም እንዲሁ። ገና ዓመት ሳይሞላው በአንድ እጁ ብቻ የሚጠቀም ልጅ ብልህ ነው ተብሎ አይታለፍ፤ ሌላው እጁ ሰንፎ ሊሆን ይችላል። ይሄድ የነበረ ልጅ መሄድ ካቆመ፣ ይቀመጥ የነበረው መቀመጥ ካቃተው አንድ ሳምንት እንኳ አይጠበቅ።

ከሁሉ የሚያስቸኩለው በድንገት እግሩ ወይም እጁ የሚዝል ልጅ ነው፤ ይልቁንም ትኩሳት ከቀደመው። ይህ የልጅነት ልምሻ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ለጤና ሠራተኛ ይነገር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 አፍሪካ ከተፈጥሮው የልምሻ ቫይረስ ነፃ መሆኗ ታውጇል። በዚያው ወር ግን በሱዳን የተለወጠ የቫይረሱ ዝርያ መነሣቱ ተገለጸ፤ ይህ ዝርያ የሚዛመተው ብዙ ልጆች ሳይከተቡ በሚቀሩበት ቦታ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ በኋላ በብዙ ቦታ የክትባት ሥራ ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ካርዱ የጠፋበት ወይም አንድ ዙር ያመለጠው ልጅ ያለው ቤተሰብ ዝም ብሎ አይቀመጥ፤ ከመጀመሪያው መጀመር ይቻላልና ይጠይቅ። በልምሻ የሰነፈ ጡንቻ መድኃኒት የለውም።

እግሩ ያልጸናን ልጅ ከሰው ዓይን መሰወር የቤተሰብን ሐዘን እንደሚደብቅ ይገባኛል። ልጁ ግን መሬቱንም፣ ጨዋታውንም፣ ሌሎች ልጆችንም ያጣል፤ ከላይ እንዳየነው ደግሞ እንቅስቃሴ የሚገኘው ከእነዚህ ነው። አንጎሉ በልጅነቱ የተጎዳ ልጅ ሁሉ አይሄድም፤ ብዙዎቹ ግን በተለማመዱት መጠን መቀመጥን፣ ማንኪያ መያዝን፣ አንዳንዶቹም በድጋፍ መራመድን ይችላሉ። ለመቀመጥ ያልጸና ልጅ በሰፊ ሳፋ ውስጥ ዙሪያውን ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሊቀመጥ ይችላል፤ እጆቹ ነፃ ሆነው እንዲጫወት ጣሳና ክዳን ይሰጠው። እግሩ የሚገተረውን ልጅ በኃይል ጎትቶ ማቅናት አይገባም፤ ይበልጥ ይገተራል። ቀስ ብሎ፣ እያጫወቱ፣ ጉልበቱን አስቀድሞ አጥፎ ማፍታታት ይሻላል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወይም የጤና ሠራተኛ ሲመጣ ለዚህ ልጅ የሚስማማውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

መቆም ለጀመረ ልጅ ደግሞ የመለማመጃ አግዳሚ በግቢ ውስጥ መሥራት ይቻላል። አራት ባላ እንጨት ሁለት ሁለት አድርጎ መትከልና በላያቸው ሁለት ረጃጅም ቀጥ ያሉ እንጨቶች አጋድሞ ማሰር ነው። ከፍታው የልጁ ዳሌ ልክ ይሁን፤ ቆሞ ሲይዘው ክርኑ ትንሽ ይታጠፍ። የሁለቱ እንጨቶች ርቀት ከትከሻው ስፋት ጥቂት ይብለጥ፤ ከሰፋ ወደ ጎን ያዘነብላል። ልጡ ይላጥ፤ ጉጡም በደንብ ይስተካከል፤ እጁን የሚወጋው ነገር ካለ ልጁ ሁለተኛ አይጨብጠውም። ጧት ፀሐይ ሳትበረታ ጥቂት ምልልስ፣ ማታም እንዲሁ ያድርግ። ልጁ ሲያድግ አግዳሚው ከፍ እንዲል ማሰሪያው የሚፈታ ገመድ ይሁን። በክረምት ዋልካው ስለሚያንሸራትት ከራኩባው ሥር ቢተከል ይሻላል።